በቤቴ ሥር ያለው የመስታወት ክር

ሰኔ 4፣ ጠዋት
እንሰት እየፋቅሁ ነው። ዝናብ። ላሚቱን ክሩ በተቀበረበት ቦይ ላይ እንዳላስር ዛሬም ተነገረኝ። በገዛ ጓሮዬ። ክሩ ከመስታወት የተሠራ ነው፤ የቀበረችው ከአርባ ምንጭ የመጣችው ኢንጂ. ሰላማዊት። ልጅ ናት፣ ጫማዋ ሁሌ ጭቃ። ተራራው ሊናድ ሲል ክሩ ቀድሞ ይናገራል ትላለች። ይናገር እስቲ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ማንም የለም ደብተሬ፤ ባሌ ሲሞትም፣ ወንድሙ አልታዬ መሬቴን ሲቆርስም።

ሰኔ 7
ኢንጂ. ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ከቤቴ ጀርባ መሬቱ እየተሳበ ነው። በምን አወቅሽ አልኳት። ብርሃን በክሩ ይላካል አለች፤ ከየቦታው ጥቂት ጥቂቱ ተበትኖ ይመለሳል። ክሩ ሲሞቅ ወይም ሲሳብ የሚመለሰው ይለወጣል። ለመመለስ ከፈጀበት ጊዜ ቦታው ይታወቃል። ገባኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ ነው እንጂ ደደብ ሆኜ አላውቅም።

ቀበሌው ከቤት ውጪ አለኝ። ታች ት/ቤቱ ግቢ ድንኳን አለ። አልታዬ ወዲያው ደረሰ፤ ሂጂ፣ መሬቱን እጠብቅልሻለሁ አለ። አጠባበቁን አውቃለሁ። ከአለቱ ወዲያ ያለውን ቁራሽ ሲጠብቅልኝ ገብስ ዘራበት፤ እስከ ዛሬ አለቀቀም።

ድንኳን አልገባም። ሌሊቱን ጎረቤት ቤት፣ ቀኑን ጓሮዬ።

ሰኔ 8
ፀሐይ አሙቆት ቢሆንስ? ጠየቅኳት። ሁለት ክር ነው አለች። አንዱ ቱቦ ውስጥ ልል ነው፤ ሙቀት ብቻ ይሰማዋል። ሌላው አፈሩ ጋር ተጣብቋል፤ ሙቀቱም መሳቡም ይሰማዋል። ሙቀቱን ስትቀንሺ መሳቡ ይቀራል። መቀነስ ይገባኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሲቀነስብኝ ኖሬያለሁ።

ክሩ ዝም ያለበትን፣ መሬቱ ያልተሳበበትን አሳዪኝ አልኳት። ወሰደችኝ። ከአለቱ ወዲያ፣ ገብሱ መሃል። ሳቅ አመለጠኝ። ልጅቷ ደነገጠች። እማማ፣ እስካሁን አልተንቀሳቀሰም እንጂ ለዘላለም አልልም አለች። ለዘላለም ማን ጠየቀሽ?

ሰኔ 10
ቤቴ ቀርከሃ ነው፤ እንደ ቅርጫት የተጠለፈ። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ወንዶች ተሸክመው ያዛውሩታል፣ ወጋችን ነው። ምስጥ ካስነሣው ተራራም ያስነሣዋል። ቤት አንሡልኝ ብዬ ለሰፈሩ ተናገርኩ።

አልታዬ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ገብስ ላይ ቤት ይቀመጣል እንዴ አለ። የመበለት መሬት ላይ ገብስ ከተቀመጠ ቤትም ይቀመጣል አልኩት። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ድንበሩን ያካለሉት እነሱ ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ቁራሹ የማን ነው አልኳቸው። ጉሮሮ ተጠረገ። የባልሽ፣ አሁን ያንቺ አሉ። ይህን ለመስማት መሬት መንሸራተት ነበረበት።

ልቤ ቀለለ። ማታ ግን አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሰኔ 12፣ ማለዳ
ዝናቡ አባርቷል። ከቤቱ ጀርባ ስንጥቅ፤ ጣቴ ይገባል። ኢንጂ. መሣሪያዋ ፊት ተቀምጣለች፤ መሬቱ አሁን ረጋ ብሏል፣ ቶሎ አንሡ ትላለች። ወንዶቹ ቀርከሃውን ከሥሩ አላቅቀውታል። አንድ ትከሻ ይጎድላል። አልታዬ አጥሩ ጋ ቆሟል። ቤት ለመሸከም ተጠርቶ የቀረ ሰው ለቅሶው ላይ ሰው አያገኝም፤ ያውቃል። አልለምነውም።

ደጃፉ ወደየት ይዙር እያሉ ይጠሩኛል። ወስኛለሁ። ወደ አልታዬ ቤት ይዙር፤ ጠዋት በሩን ሲከፍት እኔን ይይ።