የሲሴል አራት መስመር

ውድ ትሮልስ፣

የውጭ ፈታኝ ሆኜ ኦዴንሴ ከገባሁ ዝናቡ አላባራም። አንተ እዚያ ኮፐንሃገን በጠመኔ አቧራ ነጥተህ እንደምትውል አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የዛሬዋን ተማሪ ሳልነግርህ የማላድረው። ሲሴል ትባላለች። ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ተደፍተው ከተቀመጡት የጥያቄ ወረቀቶች አንዱን ብታነሳ፣ ያንተው ጉድ ደረሳት፦ የምትወዛወዝ የኳንተም ቅንጣት፣ የቦታዋ የኤክስ ስኩዌር አማካይ። አንተ ሦስት ሰሌዳ ኢንተግራል የምትሞላበት! እሷ አራት መስመር ጽፋ ጠመኔዋን አስቀመጠች።

ሸምድዳ የመጣች መስሎኝ ልጥላት ትንሽ ነበር የቀረኝ። "ኢንተግራሉስ የት ገባ?" አልኳት።

"አያስፈልግም። ኤክስ ማለት ቅንጣቷን አንድ የኃይል ደረጃ የሚያወጣና አንድ ደረጃ የሚያወርድ የሁለት ኦፕሬተሮች ድምር ነው። ስኩዌሩ ሁለት እርምጃ ያስኬዳል። ወጥቶ የወረደና ወርዶ የወጣ ብቻ መነሻው ላይ ይገኛል፤ ሌላው ዜሮ ነው። ሁለቱን መደመር ነው።"

"ቅንጣቷ የመጨረሻው ታችኛው ደረጃ ላይ ብትሆንስ?"

"ከዚያ መውረድ የለም። ወጥቶ መመለስ ግን አለ፤ ስለዚህ እዚያም አማካዩ ዜሮ አይሆንም።"

አብሮኝ የሚፈትናት አስተማሪዋ ጎርም ሳቁን አፈነ። የመጨረሻውን ከፍተኛ ነጥብ፣ አሥራ ሁለት ሰጠናት፤ ከዚያ በላይ ቢኖር እሱንም እንሰጣት ነበር።

ኮሪደር ላይ "ይህን መንገድ ማን አሳየሽ?" ብላት ያንተን ስም ጠራች! ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

"አምና ኮፐንሃገን ሳለሁ ሙሉ ከሰዓት በኋላውን ኢንተግራል ሲሠሩ አየኋቸው" አለችኝ። "ከዚህማ ሌላ መንገድ አይጠፋም ብዬ ፍለጋ ወጣሁ።"

ፖስት ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። ኢንግሪድን ሳምልኝ፣ ድመቷንም። ደግሞ ጎበዝ አስተማሪ አይደለህም ያለህ ካለ፣ ወደ እኔ ላከው።

ቦዲል