ደመራ ስላስለኮሰው የበግ ቀንድ

መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ለክቡር የከተማችን ገዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የጉልበትዎን ሁኔታ፣ የበቅሎዎንና የካባዎን ደኅንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ካበጠው ከንፈሬ በስተቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በክሊኒኩ በር ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በደጅዎ ቆሜ በጠየቅሁ ቁጥር «ገዥው ካባ እየለበሱ ነው» ስለተባልሁ፣ ካባው ተለብሶ እስኪያልቅ ድረስ ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚያልፈው መንገደኛ ቢያነበው ይሻላል ብዬ ነው።

ስሜ ቢሆነኝ ደምለው ይባላል፤ በከተማችን ክሊኒክ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነኝ። ሕመምተኛው ዶክተር ይለኛል፤ እኔም ሰውን ማሳፈር ነውር ስለሚመስለኝ ዝም እላለሁ። አገሬ ወገራ፣ እምነቴ የቤተ እስራኤል ነው። ሌሎች የሚጠሩንን ስም ክቡርነትዎ እኔን በከሰሱበት ወረቀት ላይ ደጋግመው ስለጻፉት እኔ መድገም አላስፈለገኝም።

ባለፈው ሐሙስ፣ የመስቀል ዕለት፣ በእኛ ዘንድ የሰባተኛው ወር መባቻ፣ ብርሃን ሠረቀ የምንለው በዓል ነበር። ኦሪት በዚህ ቀን መለከት ይነፋ ይላል። እናቴ ወይዘሮ በዛብሽ ይህን ቃል ቄሳችን ሲያነቡት እየሰማች አረጀች፤ በመንደራችን ግን ነፊ ስላልነበረ ድምፁን በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም። አሁን ዓይኗ ደክሞ ጆሮዋም ሊከተለው ሲል ከእኔ ዘንድ መጣችና ሳልሞት አንድ ጊዜ አሰማኝ አለችኝ። በልጅነቴ አስመራ ስማር መለከት መንፋት ተምሬ ስለነበር እሺ አልሁ። ተምሬ ነበር ስል፣ መምህሬ አዳምጠውኝ ሲያበቁ አንተ መጽሐፉን ብትይዝልን ይሻላል ብለውኛል።

ለእንቁጣጣሽ ከታረደ በግ ቀንዱን ለምኜ፣ በጋለ ብረት ሰርስሬ ልምምድ ጀመርሁ፤ ከንፈሬን ያሳበጠውም ይኸው ነው። በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ ወይዘሮ ስሜነሽ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው «ዶክተር፣ ላምዎ አማጠች እንዴ?» ሲሉ በአዘኔታ ጠየቁኝ። ላም የለኝም። ስለዚህ የበዓሉ ዕለት ከሰው ሳቅ ልሽሽ ብዬ፣ ጎሕ ሲቀድ ከክሊኒኩ በስተጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ነፋሁ። ቀንዱ ያን ጧት ምን እንደነካው እንጃ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። የክቡርነትዎና የእኔ ዕጣ የተገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ ቅሬታዬንም በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ክቡርነትዎ ከበዓሉ በፊት «ገዥው ሲመጡ መለከት ይነፋል፤ መለከት ሳይነፋ ደመራ የለኮሰ ይታሰራል» ብለው አስነግረዋል። ቀድሞ ካህናቱ ጸሎቱ ሲያልቅ ያስለኩሱት ነበር፤ ከጸሎት ይልቅ የክቡርነትዎን መምጣት የሚጠብቅ በዓል ስለሰጡን እናመሰግናለን። ሕዝቡ ችቦውን ይዞ በብርድ ቆሞ ሳለ የእኔ ቀንድ ጮኸ። መሪጌታ አካለ ወልድም «መለከቱ ተነፋ፤ ከእንግዲህ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ፤ ደመራውም ተቀጣጠለ። ትእዛዝ አክባሪ ሕዝብ ካለ ይህ ነው። ክቡርነትዎ አለመኖርዎን ያስተዋለ ሰው ባይኖርም፣ የበግ ቀንዴ የክቡርነትዎ መለከት መስሎ መሰማቱ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው፤ ለክቡርነትዎ ምን እንደሆነ ግን መገመት ከአቅሜ በላይ ነው።

፪ኛ፤ ምሰሶው ነዶ የወደቀው በክቡርነትዎ ባዶ ወንበር ላይ ስለሆነ ጥፋቱ የእኔ ተደርጓል። ሽማግሎቹ ደመራው የወደቀበትን አቅጣጫ ሲተረጉሙ አንዱ ጥጋብ ነው፣ ሌላው ሹም ሽር ነው ብለዋል አሉ፤ እኔ የሌላ እምነት ሰው ስለሆንሁ አስተያየት አልሰጠሁም። ወንበሩን ወይዘሮ ስሜነሽ ፈጥነው ስለሳቡት አንድ እግሩ ብቻ ከስሏል።

፫ኛ፤ ካባው ተለብሶ አልቆ ክቡርነትዎ ብቅ ሲሉ፣ መለከት ነፊዎ አቶ ፋንታ በአመዱ ፊት ቆሞ ረዘም አድርጎ ነፋ። እኔ ይህን ሁሉ የማየው ከጉብታው ላይ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተወሽቄ ነበር። ስለዚህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያልሁት እኔ ነኝ መባሉ ሐሰት ነው፤ እንደሰማሁት ድምፁ የመጣው ከሴቶቹ በኩል ነው።

፬ኛ፤ ቀንዴ «የአስማት ዕቃ» ተብሎ በጽሕፈት ቤትዎ ሣጥን ተቆልፎበታል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። አስማት ቢኖረኝማ መጀመሪያ ለክሊኒካችን መድኃኒት አመጣበት ነበር። ደግሞም ከበዓሉ በፊት በነበረው ሰኞ ክቡርነትዎ ለጉልበትዎ መርፌ ሊወጉ ሲመጡ እጄን ሳይጠረጥሩ ስለተቀበሉ፣ ለዚያች ሰኞ እምነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አምስተኛውን ቅሬታ በቁጥር አላስገባሁትም፤ በክቡርነትዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ የማቀርበው ነውና። ያን ጧት ከተማው ሁሉ ሰማ፣ ውሻው ሰማ፣ ክቡርነትዎም እንኳ ሰምተው ነቁ። ያልሰማችው እናቴ ብቻ ናት። እኔ ሞኙ ከሰው ሳቅ ስሸሽ፣ የተነፋላትን ሴት ከነደካማ ጆሮዋ እቤት ትቻት ሄጄ ነበር። ከጉብታው ወርጄ ስደርስ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ተቀምጣለች፤ «አሁን ልትነፋው ነው?» አለችኝ። ቀንዱን ወደ አፌ ሳስጠጋ የክቡርነትዎ ዘበኞች ደርሰው ቀሙኝ። ከክሱ ይልቅ ይህ ያመኛል፤ እስካሁንም እንቅልፍ ነሥቶኛል።

የፊታችን ቅዳሜ፣ መስከረም ፳፮፣ አስተሰርዮ የምንለው የጾማችን ቀን ነው፤ አስመራ እንደተማርሁት፣ ማምሻውን ኮከብ ሲወጣ መለከት ይነፋና ጾሙ ይፈታል። እናቴ የከርሞውን አልደርስበትም ትላለች፤ ድሬሰር በመሆኔ ትደርሻለሽ ብዬ ልዋሻት አልቻልሁም። ክቡርነትዎ ደግሞ በክሱ መጨረሻ «ያን ዕለት የተሰማው ድምፅ ይኸው መሆኑ ይረጋገጥ ዘንድ ተከሳሹ ቀንዱን በሽማግሎች ፊት ይንፋ፤ ቀኑ ወደፊት ይወሰናል» ሲሉ አዘዋል። ይህን ጥበብ የሞላበት ትእዛዝ ሳነብ በደስታ ወረቀቱን ስሜዋለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ኮከብ ሲወጣ ይሁንልኝ። ጥፋቴን ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ አረጋግጣለሁ። እናቴንም በምስክርነት አመጣለሁ፤ ጆሮዋ ስለደከመ ከአጠገቤ እንድትቀመጥ ይፈቀድላት። ከዚያ በኋላ ቢያስሩኝም ወደ ግንደወይን ቢያዛውሩኝም ቅሬታ የለኝም።

የክቡርነትዎ ካባ በጊዜ ይለበስ ዘንድ የሚጸልይ፣ ትንፋሹ አጭር፣ ደብዳቤው ረጅም፣ ትሑት መርፌ ወጊዎ፣

ቢሆነኝ ደምለው

ሳልረሳው፤ ለእናቴ መቀመጫ አይቸገሩ። ያ አንድ እግሩ የከሰለው ወንበር ይበቃታል። ሰውነቷ ቀላል ስለሆነ ይችላታል፤ ደግሞም በሰዓቱ ትደርሳለች።