ለግድግዳ የተሠራው ሰይፍ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣ ይህ ወረቀት በደህና ቀን እጅህ ይግባልኝ።

እንዴት ሰነበትክልኝ? ወገብህስ? ብየዳ ቤት ጎንበስ ብለህ ስትውል አሁንም ይይዝሃል? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ደረጃውን ብቻዋን ትወጣለች ወይስ አሁንም ክንድህን ይዛ እየተቆጣችህ ነው? የልጆቹ እናትስ እንዴት ናት? ልጆቹስ ምን አከሉ? እኔ ለአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ዘንድሮ ግን እንዲያ ብዬ መጻፍ አቃተኝ።

ይህን ሁለት ወር "ድምፅሽ ምን ሆነ?" ስትለኝ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እያልኩ የሸነገልኩህ እውነቱን መናገር ስላቃተኝ ነው። በስልክ ስናወራ እማዬ አጠገብህ ሆና ትሰማለች። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እንደምታውቀው ቴአትር ቤቱ ውስጥ የመድረክ ዕቃ የምይዘው እኔ ነኝ። ዘውዱም፣ የማይተኩሰው ጠመንጃም፣ የማይበራው ፋኖስም በእኔ እጅ ነው። የዘንድሮው ተውኔት ሁለት ወንድማማቾች ከየአንድ አጃቢያቸው ጋር ሆነው በሰይፍ የሚፋለሙበት ነው፤ ያውም ራፒየር በሚሉት ረጅምና ቀጭን የመውጊያ ሰይፍ። አዘጋጁ "ርካሽ ይሁን፣ ግን ከሩቅ ያብረቅርቅ" ብሎ ላከኝ። የቤት ጌጥ ከሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። እጀታቸው ወርቅ የተቀባ፣ እጅ የሚከልለው ክብ ብረት አበባ የተቀረጸበት፣ ዓይን የሚስቡ ሰይፎች አገኘሁ። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው። "ለምንሽ ነው?" አሉኝ። ለቴአትር ስላቸው "ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው፤ እንዳይጋጩበት" አሉ። ሰምቻለሁ፣ ወንድም ጋሼ። በደንብ ሰምቻለሁ። "ቀስ ብለው ነው የሚነካኩት" ብዬ አስጠቀለልኩና ወጣሁ። ያሉኝን ለማንም አልተነፈስኩም።

ታላቁን ወንድም የሚጫወቱት ሻለቃ የምንላቸው አንጋፋ ተዋናይ ናቸው። ውትድርና በደጃቸው አልፎ አያውቅም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጦር አዛዥ ሆነው ስለተጫወቱ ነው ስሙ የወጣላቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ግን አዛዧ ሚስታቸው ናቸው እያልን እንስቅ ነበር። ታናሹን የሚጫወተው ገና ሁለተኛ ሥራው የሆነ ወጣት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ልምምድ ላይ፣ ረፋዱ ላይ፣ ሰይፎቹ ሲጋጩ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የወጣቱ እጅ ላይ እጀታው ብቻ ቀረ። ብረቱ ተወርውሮ የሻለቃን ግራ ዓይን መታ። አልጮኹም። ወለሉ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና "መብራቱን አጠፋችሁት እንዴ?" አሉ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ዓይኑ ግን አልተረፈም።

አናጢያችን እጀታውን ሰንጥቆ ሲያየው፣ ብረቱ እጀታው አፍ ላይ ያልቅና ከዚያ ወዲያ እርሳስ የምታክል ዘንግ በአንዲት ነጥብ ብየዳ ተለጥፋለች። አንተ ብታየው በንዴት ትወረውረው ነበር። አዘጋጁ "ውስጡን ማን ያውቃል? አደጋ ነው" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሁሉም አጽናኑኝ። ሆዴ እያወቀ ዝም አልኩ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከወር በኋላ የሻለቃን ቦታ ሌላ ተዋናይ ያዘና አዘጋጁ አሁንም ሰይፍ እንድገዛ አዘዘኝ። ሌላ ሰው ይግዛ ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ስለዚህ የድሮ የሰይፍ ግጥሚያ የሚያስተምሩ አንዲት አሠልጣኝ ፈልጌ ሄድኩ። ጠና ያሉ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። መጀመሪያ "ማማሩን እርሺው" አሉኝ። ሰይፉን ጫፉ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሲገፉት እንደ ቀስት ጎበጠ፤ ሲለቁት ቀጥ አለ። የማይጎብጠውንም፣ ጎብጦ የሚቀረውንም አትንኪ አሉ። የልምምድ ሰይፍ ስለት የለውም፤ ጠርዙ እንደ ማንኪያ ጀርባ ደነዝ፣ ጫፉም ጎማ የለበሰ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ብረቱ ሳይቀጠል ወፍራም እንደሆነ እጀታውን ዘልቆ በእጀታው መጨረሻ ላይ በብሎን መታሰር አለበት። ብሎኑን ፈትተው ውስጡን አሳዩኝ። "ገንዘባችሁ ካነሰ ጌጡ ይቅርባችሁ፤ ብረቱ ላይ እንዳትቆጥቢ" አሉኝ። እንባዬ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ።

አዘጋጁ አራት ነበር የሚፈልገው። ባለን ገንዘብ ከእሳቸው ማሠልጠኛ ሁለት ያገለገሉ ገዛሁ፤ እጀታቸው በጥቁር ገመድ የተጠቀለለ፣ የእጅ መከለያቸው ጭረት በጭረት የሆነ። ለልምምድ የሚሆን የፊት ጭንብልም ጨመሩልኝ። አዘጋጁ "ያረጁ ይመስላሉ" አለ። "ያረጁ ናቸው" አልኩት። የአራቱን ፍልሚያ ለሁለት አደረገው።

ግን ሰይፎቹን ለተዋናዮቹ ላስረክብ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሻለቃ ቤት ሄድኩ። በጆግ ውኃ ሊቀዱ እየሞከሩ ነበር፤ ርቀቱ ስለማይታያቸው ውኃው ከብርጭቆው ውጪ ይፈሳል። ሚስታቸው በፎጣ ይጠርጋሉ። ቆሜ ባለሱቁ ያሉኝን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ሚስታቸው ፎጣውን አስቀምጠው ከክፍሉ ወጡ። ሻለቃ ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ።

"ሁለት ወር ሙሉ ያንን ልጅ ነው የጠላሁት" አሉ። "ያለአግባብ ኃይል ጨምሮ ነው የመታኝ ብዬ። በየሳምንቱ ይመጣል፤ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል።"

ወንድም ጋሼ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ዝምታዬ እኔን ብቻ የሚበላ መስሎኝ ነበር።

"ስልኬን አቀብዪኝ" አሉ። እኔው ፊት ደውለው "ልጄ፣ ነገ ና። በሩ ክፍት ነው" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አንቺን ምን እንደምልሽ ገና አላውቅም። ሂጂና ለሁሉም ተናገሪ" አሉኝ።

ተናገርኩ። አስተዳደሩ ገና አልወሰነም፤ ሊያባርሩኝም ይችላሉ። ሻንጣዬን ይዤ ደጃችሁ ብቆም እንዳትደነግጡ። ወጣቱ ግን ከሻለቃ ቤት ሲመለስ በቀጥታ እኔ ጋ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። "እጄ አልነበረም?" አለኝ። አልነበረም አልኩት። እንደገና ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሦስት ጊዜ መለስኩለት፤ ከዚያ ዕቃ ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ይህን ለእማዬ አንተው አንብብላት፤ እንዳትቆርጥላት። ጉልበቷን ሳሚልኝ ብላለች ብለህ ለልጆቹ እናት ንገራት። ትልቁን ልጅ ትምህርቱን እንዲበረታ፣ ትንሿን ጥርሷ በቅሎ እንደሆነ እንድትጽፍልኝ ንገርልኝ። ጎረቤታችንን እትዬን፣ ብየዳ ቤት አብሮህ የሚሠራውንም ሰላም በልልኝ። አንተንም በርቀት አቅፌ ስሜሃለሁ፤ ተቆጥተህም ቢሆን ጻፍልኝ።

ታናሽ እህትህ
ከቴአትር ቤቱ ዕቃ ክፍል
ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን