በእሾህ የተዘጋው የጤፍ ማሳ መንገድ

ማክሰኞ

ደግሞ ውሻው አባረረኝ። ሀይሌ ጋርመንት ጋራዡ በር ላይ የሚተኛው ቡናማው። ሰውን ሁሉ ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ነገር የሚፈልገው ሳይክል ሲያይ ብቻ ነው። ከሱ በቀር ዛሬ ጠዋት ያናገረኝ የለም። የምወጣውም ማንም እንዳያናግረኝ ነው።

በየጠዋቱ በሳይክል የምዞረው ዙሪያ ይሄ ነው። ከጀሞ ኮንዶሚኒየም እስከ መካኒሳ አቦ አስፋልት። ከዚያ ወደ ላፍቶ ጥርስ የሚያረግፈው ኮብልስቶን። ከላፍቶ እስከ ሀይሌ ጋርመንት አዲሱ የሳይክል መንገድ፣ ሰዉ ታክሲ መጠበቂያ ያደረገው። ከዚያ ባህር ዛፉ ውስጥ ገብቼ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ በገበሬዎቹ ጤፍ መሃል በእግር መንገድ እወጣለሁ። እሱ ሲያልቅ የብሎካችን ጀርባ ነው። ከሁሉም የምወደው ይሄን የመጨረሻውን ነው። ታናሽ እህቴ ሜሮን ተድራ አርባ ምንጭ ከገባች ወዲህ ከባዶው ቤት የሚያስወጣኝ ይሄ ዙሪያ ብቻ ነው። ከሆሳዕና ከመጣን ጀምሮ አንድ ቤት ነው የኖርነው። ፋርማሲ ሥራ የምገባው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋቱ እንደ ዓመት ይረዝማል።

ዛሬ ጤፉ ዳር ድንኳን ተጥሎ ነበር። ሰው በዝቶ መንገዱ ስለጠበበኝ ደወሌን እየደወልኩ አለፍኩ። ጆሮዬ ላይ መዝሙር ነበር። አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ያሳለፉኝ መስሎኝ እጄን አንስቼ አመሰገንኳቸው።

ሜሮን ደውላ ነበር። ደህና ነኝ አልኳት።

ረቡዕ

መንገዱ ተዘግቷል። ወንዙን ተሻግሬ ስወጣ የግራር እሾህ ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞ አገኘሁት። ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም፤ ትናንት ማታ ወይ ዛሬ ማለዳ የተቆረጠ ነው። ልጎትተው ሞከርኩ። አውራ ጣቴን ወጋኝ።

በመጣሁበት ተመልሼ ቀለበት መንገዱን ያዝኩ። ሲኖትራኮቹ ጎኔን እየታከኩ ሲያልፉ ጸሎት የማላውቅ ሰው ብሆን እንኳ እማር ነበር። ይሄን ሁለተኛ አልሞክረውም።

ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። የማን መሬት መሰላቸው? የራሳቸው መሬት ነው እንግዲህ፣ ምን ይባላል።

ሐሙስ

ባህር ዛፉ መግቢያ ላይ ጎመንና ቃሪያ የሚሸጡትን እትዬ ጫልቱን ጠየቅኳቸው። ስንት ጊዜ በፊታቸው አልፌያለሁ፣ ቆሜ ሰላም ስላቸው ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ሳይክሉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«በለቅሶ ድንኳን መሃል ደወል እየደወልሽ ያለፍሽው አንቺ ነሽ እንዴ?»

ሁሉንም ነገሩኝ። የሞቱት የአቶ ደበላ እህት ናቸው፤ የማሳው ባለቤት እህት። ወንድምና እህት ለብቻቸው ነበር የሚኖሩት። ብድግ ያሉት ሽማግሌ አቶ ደበላ ነበሩ። እኔ ደግሞ እጄን አውለበለብኩላቸው።

«ፈረሰኛ እንኳ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ወርዶ፣ ፈረሱን ስቦ ነው የሚያልፈው» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ለማያውቅ ልጅ እንደሚያስረዱ ነው የነገሩኝ። እሱ ነው የባሰብኝ። አውቃለሁ እኮ። አባቴ ለማያውቀው ሰው ለቅሶ ከበቅሎ ሲወርድ አይቼ ነው ያደግኩት። ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

አርብ

አልወጣሁም። ተኝቼ ለቅሶ ቤቱ የማልሄድበትን ምክንያት ስደረድር አረፈድኩ። አያውቁኝም። ሰልስቱ አልፏል። ያባርሩኝ ይሆናል። ደግሞም ይጠይቁኛል፦ የማን ልጅ ነሽ፣ ባል አለሽ፣ ልጅስ?

ዋናው እሱ ነው፣ ለራሴ ምን እዋሻለሁ። ከሰርጉ ወዲህ ቸርች ስገባ ሁሉም እጄን ይዞ «ላንቺም ጌታ አለው» ይለኛል። ምን እንደጎደለኝ የጠየቀ ግን የለም። በሰርጉ ቀን እስኪያመኝ ጨፍሬያለሁ፣ ፈገግታው ጉንጬን አደንዝዞት ነበር። እህቱ አገባች ብሎ የሚያለቅስ ማን አለ? ቀናች ይሉኛል። ትንሽ ቀንቼም ይሆናል። ግን ከዚያ የሚበልጠው፣ ሻይ ሳፈላ አሁንም ሁለት ብርጭቆ ማውጣቴ ነው።

መንገዱ ካልተከፈተ ሳይክሉን እሸጠዋለሁ። ዙሪያው ካልገጠመ ሄዶ መመለስ ነው፤ ሄዶ መመለስማ በታክሲም ይሆናል።

ቅዳሜ

ሄድኩ። በእግሬ፣ ነጠላ ለብሼ፣ ዳቦ ይዤ። እሾሁ እንዳለ ስለነበር በማሳው ዳር ዞሬ ገባሁ።

ድንኳኑ ተነስቷል። ቤት ውስጥ ጥቂት ሴቶች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ አቶ ደበላ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ንፍሮ በእጄ አደረጉልኝ። ማን ነሽ ያለኝ ሰው የለም። ከየት መጣሽም የለም። ብዙ ቆየሁ፣ አንድም ሰው ምንም አልጠየቀኝም። ከሰው ጋር ተቀምጦ አለመጠየቅ እንዲህ ደስ ይላል ለካ።

ከዚያ አንዷ እናት በኦሮምኛ ቀስ ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ቃሉ አልገባኝም። እኔም መጣብኝ። ድምፅ አውጥቼ፣ ንፍጤ እስኪወርድ አለቀስኩ። ጎኔ ያለችው ሴት ጭንቅላቴን ትከሻዋ ላይ አስደገፈችኝ።

ጋብ ሲልልኝ አቶ ደበላ «ታውቂያት ነበር?» አሉኝ።

«አላውቃቸውም አባባ። ደወል እየደወልኩ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

እሳቸውም «ታዲያ ለማን ነው እንዲህ የምታለቅሺው?» አሉ።

በለቅሶ ቤት መዋሸት አቃተኝ። እህቴ ተድራ ሄዳለች፣ ብቻዬን ነኝ አልኳቸው። ሰርግ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ በር ላይ የቆመች ልጅ ሳቋ መጥቶ አፏን ሸፈነች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሳቸው አልሳቁም። «የኔይቱም በልጅነቷ ነው የተዳረችው» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ በረት ገብቼ ከከብቶቹ ጋር አለቀስኩ። ባሏ ሞቶ እስክትመለስ ለማንም አልተናገርኩም።» ከዚያ በእጃቸው ወደ ሴቶቹ አመለከቱኝ። «አልቅሺ የኔ ልጅ። ከሰው ጋር ይሻላል።»

ስለ መንገዱ አላነሳሁም። በዚያ ቤት ስለ መንገድ ማውራት ነውር መሰለኝ።

እሁድ

ቸርች ሄድኩ። «ላንቺም ጌታ አለው» ተባልኩ። አሜን አልኩ፣ ብዙም አልከበደኝም።

ሜሮን ስትደውል ለቅሶ ደርሼ እንደነበር ነገርኳት። ማን ሞተ ብላ ደነገጠች። የማታውቂያቸው እናት ናቸው አልኳት። ማልቀሴን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባሏ ከጎኗ ሲስቅ ሰማሁና ተውኩት። ዓይኔ አሁንም አብጧል።

ሰኞ

ዛሬ በሳይክል ወጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ተዘግቶ ባገኘው ዞሬ መመለሴ ነው፣ ያም የመጨረሻዬ ይሆናል ብዬ ነበር።

እሾሁ ገለል ብሏል። ሁሉም አልተነሳም፣ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ያህል ብቻ። ወርጄ ሳይክሉን እየገፋሁ ገባሁ።

አቶ ደበላ በራቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ለቅሶ ደራሹ አልቋል፤ ሰው ወደየሥራው ሄዷል። ጎንበስ ብዬ ሰላም ብያቸው ላልፍ ነበር። እሳቸው ግን ሰላምታውን አላቆሙም፦ እንዴት አደርሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ቤትሽ ሰላም ነው፣ እህትሽስ ደወለች? አንድ በአንድ መለስኩ። ደውላለች አባባ፣ ደህና ነች። «አንቺስ?» አሉኝ። ደህና አይደለሁም አልኳቸው። «እኔም» አሉና በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ።

ቁርስ አልበሉም ነበር። ብቻውን መብላት አልለመዱም፤ ቆሎ አወጡና እሱን ተካፈልን። ቋሚው ጤፍ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ ስናይ ረፈደ። ስነሳ «ነገም በዚሁ ነሽ?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ቤት ደርሼ ነው ነገ የጠዋት ተረኛ መሆኔ ትዝ ያለኝ። ለፋርማሲዋ ባልደረባዬ ለትርሲት ደወልኩ። አብረን በሠራንበት ጊዜ ሁሉ ተራ ቀይሪኝ ብያት አላውቅም።

«ምን ተገኘ ደግሞ?» አለችኝ።

የሚጠብቀኝ ሰው አለ አልኳት።