ፊትሽን ያተምሁበት ቲሸርት

እታለም ሐዋዬ፣

ባለሽበት ሁሉ ሰላም ይሁንልሽ። ከተለየሽን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። የመጀመሪያው እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም፤ ገና ከስደት መመለሳችን ነበር። ዘንድሮ ግን ማፍጠሪያ በደረሰ ቁጥር እማዬ ሾርባውን ስትቀዳ እጇ ወደ ሦስተኛው ሳህን ይሄድና ይመለስ ነበር። እኔም እንዳላየ ሆኜ ቴምሩን አነሳለሁ።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ጦርነቱን ሸሽተን ከከረምንበት ከአርዲቦ፣ ከአክስታችን ቤት ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ ነበር። ቴሌቪዥኑም ፍራሹም የለም። ፕሪንተርሽን ግን ዘራፊዎቹ ምን ብለው እንደናቁት እንጃ፣ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ አገኘነው። የከሰል ካውያሽም አለች። ሰው ከዓረብ አገር ወርቅ ይዞ ሲመጣ አንቺ ፕሪንተርና ምስል ልብስ ላይ የሚያጣብቅ አንድ ካርቶን ወረቀት ይዘሽ የመጣሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ «ልጄ ባሕር ተሻግራ ወረቀት ሸምታ መጣች» እያለች ስታስቅብሽ ከረመች። በኋላ ግን የሐይቅ ከተማ ተመራቂው፣ ሚዜው፣ የባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር ቲሸርት ላይ ምስል ያሳተመው በአንቺ እጅ ነው።

እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሻለሁ። ቁመቴ ከአንቺ ሳይበልጥ አይቀርም። የምለካካው ሰው ግን የለም።

ስልክሽ በሽሽቱ ጊዜ ጠፋ፤ ፎቶዎችሽም አብረው ሄዱ። አርዲቦ ሳለን ያ ገዳይ ትኩሳት ሲይዝሽ መንገዱ ተዘግቶ ደሴ ሐኪም ቤት ልናደርስሽ አልቻልንም፤ ያን ጊዜ ስለ ፎቶ ያሰበ ማንም አልነበረም። ባለፈው ሰሞን ግን እማዬ ልብስ እያጠበች ድንገት እጇን አቆመች። «ሰይዴ» አለችኝ፣ «የሐዋን ፊት እየረሳሁት መሰለኝ። ድምጿ አለ፤ ፊቷ ግን ይሸሸኛል።»

የዚያኑ ቀን ጓደኛሽ ሃይማኖት ዘንድ ሄድሁ። ስልኳ ላይ አንድ ፎቶሽ ተርፏል። ሐይቁ ዳር ቆመሽ ነፋሱ ሻሽሽን ሊወስድብሽ ሲታገል እየሳቅሽ ነው። እማዬ በምትሰግድበት ቤት ፎቶ እንደማታሰቅል ታውቂያለሽ። ስለዚህ በቲሸርት ላደርግላት አሰብሁ፤ ቲሸርት ይታጠፋል፣ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሲናፍቃት ታወጣዋለች። ከካርቶኑ ሥር የቀረችው ወረቀት አንዲት ነበረች። ደሴ ሄጄ ብጠይቅ ከጦርነቱ ወዲህ የሚያመጣው እንኳ የለም አሉኝ።

እንዳስተማርሽኝ አደረግሁ። ምስሉን ገልብጬ አተምሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አጥፌ አነጠፍሁ፣ ቲሸርቱን ወጠርሁ፣ ወረቀቱን በፊቱ ደፋሁበት። አንቺ በሰዓት አትለኪም ነበር፤ ከቁርኣን ቁልሁወላሁ አሐድን ሦስቴ ቀርተሽ ካውያውን ታነሻለሽ። ሃይማኖት ልታግዝሽ ስትመጣ ደግሞ በአቡነ ዘበሰማያት ነበር የምትለካው። «ያንቺ አጭር ነው፤ ምስሉ የሚላጥብሽ ለዚህ ነው» ስትልሽ፣ «አንቺ ደግሞ አሜን እስክትዪ የሰው ልብስ ይነዳል!» ትያታለሽ። እኔ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ይዤ በሁለታችሁም እስቃለሁ።

ካውያውን ጫንሁና መቅራት ጀመርሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ለቲሸርቱ ሳይሆን ለአንቺ እየቀራሁ እንደሆነ ገባኝ። ቀብርሽ ላይ ቆሜ የቀራሁልሽም እሱኑ ነበር። ማቆም አቃተኝ። ካቆምሁ ሁለተኛ የምቀብርሽ መሰለኝ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ነው የነቃሁት።

ወረቀቱን ስልጠው አፍሽ፣ አገጭሽና የሻሽሽ ጫፍ አርረዋል። ዓይኖችሽና ግንባርሽ ተርፈዋል። ሳቅሽ አሁን ከዓይንሽ ብቻ ነው የሚታየው።

እማዬ ከጓሮ ሮጣ መጣች። «አንተ ልጅ፣ ቤቱን ልታነደው ነው?» አለችና ቲሸርቱን ስታይ ከጠረጴዛው አነሳችው። እንዴት እንዳረረ እየተንተባተብሁ ነገርኋት። ከዚያ በጣቷ ቅንድብሽን እየዳሰሰች፣

«ስንት ጊዜ ቀራህላት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንጃ፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ።»

«እንኳን ጠፋብህ» አለች።

ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች ስል፣ ያረረው ሽታው ሳይለቅ በቀሚሷ ላይ አጠለቀችው። እንዲያው እንዳለች የተሰጣውን ልብስ ልታነሳ ወጣች። ሃይማኖት ከአጥሩ ማዶ አይታት፣ «እማማ፣ ማን ነው እንዲህ ያስዋበዎት?» አለቻት። እማዬም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ልጆቼ ናቸዋ!» አለች። እታለም፣ ከሞትሽ ወዲህ «ልጆቼ» ስትል ስሰማት ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ካውያውን ይዤ በር ላይ ቆሜ አለቀስሁ።

አሁን ሶላት ሲደርስ ታወልቀውና አጥፋ ታስቀምጠዋለች፤ ስታበቃ መልሳ ትለብሰዋለች። ስታጥበው ገልብጣ በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ እኔ ነግሬያት። ቢሆንም ሁልጊዜ እንደማይኖር አውቃለሁ። ምስል በስንት እጥበት እንደሚሰነጣጠቅ ያየሁት ከአንቺው ጋር ነው።

ሃይማኖት ከአዲስ አበባ ወረቀት ልታስመጣልኝ ነው፤ የክፍሌ ልጆችም አዝዘውኛል። ሥራሽን እኔ እቀጥለዋለሁ። ሦስቱን ለልብሱ እቀራለሁ። ካውያውን ካነሳሁ በኋላ የምቀራው ግን የአንቺ ነው፤ እሱን አልቆጥረውም። ቲሸርቱ ነጭ ሆኖ ቢቀር እንኳ እማዬ ፊትሽን ስትጠይቀኝ ከግንባርሽ ጀምሬ እነግራታለሁ፤ ያረረውንም ጭምር።

ወንድምሽ ሰይድ