ፎጣው የጠጣው ውሃ

ጥቅምት 5
ልብስ ማጠቢያ ቤት ዋልኩ። የሆቴል ፎጣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ክንድ ይገነጥላል። ፀጉሬ ከሸበተ ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጄ “እማ፣ ያየሽውን ጻፊ” ትለኛለች። ያየሁት ፎጣ ነው።
ማታ ቤቴ ስገባ፣ ሰሞኑን ታሞ የተመለሰው ሰውዬ “ውሃ” አለኝ። ሰላምታ የለ።

ጥቅምት 7
ጎረቤቴ ብቅ ብላ “ወፈረ እኮ! ያንቺ ቤት ተስማማው” አለች። ውፍረት መስሏት... ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ።
ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ቅልጥሙን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው፣ ጉድጓዱ እንደ ሊጥ እዚያው ቀረ። “ልቡ ደክሟል፣ እናቴ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ሥጋው ይመጠዋል። በቀን ሁለት ብርጭቆ ብቻ። ካለፈ ሳንባው ይሞላል።”
ስንት ዓመት ሌላ ሴት ቤት ኖሮ፣ ሊያብጥ እኔ ቤት መጣ። ምን ይባላል?

ጥቅምት 11
ሁለቱንም ብርጭቆ ከምሳ በፊት ጨረሰ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ማርጠብ ይቻላል ስለተባልኩ ፎጣ ነክሬ ሰጠሁት። ወፍራሙን፣ የጥጡን።
“እግዜር ይስጥሽ” አለኝ። ከዚያ አፍ ይህን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ...

ጥቅምት 14
እግሩ ጫማ እምቢ አለው። ሁለት ብርጭቆ እየጠጣ? ከየት መጣ?
ፎጣውን አነሳሁት። ቀለለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ፎጣ ተሸክሜ ይጠፋኛል? ሲመጠው ነው የሚውለው።
“ሕፃን ሆንክ? ፎጣ ትጠባለህ?”
“አልጠጣሁም። አፌን ነው ያስነካሁት።”
“አፍህማ ያልነካው ምን አለ።”
ሳቀ። ሳሉ አቋረጠው። እኔም ልስቅ ነበር... ተውኩት።

ጥቅምት 15
ፎጣውን ወሰድኩበት። በምትኩ የናይለን ሻርፔን ነክሬ ሰጠሁት። ናይለን ይረጥባል እንጂ ውሃ አይጠጣም። አፉ ላይ አድርጎ መጠጠው። ምንም የለ። ቀና ብሎ አየኝ።
“ቂምሽን በውሃ ተወጣሽ።”
“ላንተው ብዬ ነው።”
“እሺ።”
ላንተው ብዬ ነው አልኩት... ነው? ያን ሁሉ ዘመን በር በሩን ሳይ ኖሬ፣ ትንሽም ደስ አላለኝም? አላውቅም።

ጥቅምት 18
ሥራ አልገባሁም። ትንፋሽ አጥሮታል። ፎጣውን ልመልስለት ብዬ ተነሳሁ። ልጄ እጄን ያዘችኝ። “እማ፣ ውሃው ያንቀዋል።”
ተቀመጥኩ። አይኑ እኔ ላይ ነበር።

ጥቅምት 19
ንጋት ላይ ሄደ። ሻርፑ እጁ ውስጥ ነበር።

ጥቅምት 27
ለቀስተኛው ተበተነ። ልጄ ልታጽናናኝ ብላ ሐኪሙ ያላትን ነገረችኝ። “ቢጠጣም ባይጠጣም ከዚህ አያልፍም ነበር።” እኔ ግን ባሰብኝ። ለማይቀር ሞት ነዋ ያስጠማሁት።
ፎጣውን ከደበቅኩበት አወጣሁት። ደርቆ ቆርቆሮ ሆኗል። ሳፋ ላይ ጣልኩት። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ተንሳፈፈ። ከዚያ ከዳር ዳር ጠቆር እያለ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ መሀሉ... ከበደ። ሰመጠ።
ሳሙናውን አላነሳሁም። በጆግ ቀድቼ ጨመርኩለት።
“ጠጣ” አልኩት ባሌን። “ማንም አይቆጥርብህም።”