መድረክ ላይ የወጣው ባሌ

ፊቢዬ፣

ፋብሪካው ለዓመት እረፍት ተዘግቶ ከመጣንበት ከባሕር ዳርቻው ከብላክፑል ነው የምጽፍልሽ።

ትናንት ከሰዓት ባሕሩ ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ ጢም ያላበቀለ ሸንቃጣ ወጣት መጥቶ ኢኖክን ክብሪት ለመነውና አጠገባችን ቁጭ አለ። ባሌን ታውቂው የለ፤ አውራ ጣቶቹን ሰደርያው ኪስ ውስጥ ወሽቆ ወሬውን አስነካው። እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር፣ «ተይ እስቲ፣ አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ!» ይለኛል።

ማታ ቴአትር ቤት ገባን። ወንድ መስላ የምትዘፍነው ሚስ ዶራ ፌን ወጣች። ፊቢ ሙች፣ ያ ወጣት እሷ ነበረች! አውራ ጣቶቿን ሰደርያዋ ውስጥ ወሽቃ፣ ደረቷን ነፍታ፣ «ተይ እስቲ፣ አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ስንት ዓመት የኖርኩበትን ቃል ገና ትናንት ሰማሁት። ከፊታችን የተቀመጡት የሽመና ፋብሪካችን ሴቶች ዞረው፣ በማሽኑ ጩኸት መሃል እንደምናወራው፣ ያለ ድምፅ በከንፈር ብቻ «ያንቺው ጉድ ነው እኮ!» ይሉኛል። ኢኖክ የሸማኔ ከንፈር ማንበብ የት ያውቃል! እንባው እስኪፈስ ስቆ፣ «የዚህ ሰውዬ ሚስት አታሳዝንም?» አይለኝ መሰለሽ!

አሁን ደግሞ መጣና፣ «ምን ትሞነጫጭሪያለሽ? ተይ እስቲ፣ አንቺ ደግሞ...» ሲል፣ አውራ ጣቶቼን መቀነቴ ውስጥ ሻጥ አድርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ ጨረስኩለት። ቁልቁል የራሱን አውራ ጣቶች አየና፣ ከሰደርያው ኪስ ቀስ ብሎ አወጣቸው።

ቦታ አለቀብኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሕፃኑን ሳሚልኝ። ወንድ ነው አሉኝ፤ እናቱ ስታወራ ማዳመጥን ከአሁኑ አለማምጂው።

ያንቺው አግነስ